«ልጄ አሁን ደህና ናት፤ ታዲያ መርፌው ለምን?»

ከሪያድ የደረሰን ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው፤ አሳጥረን እናቀርበዋለን።

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሪያድ ነው፣ ሰው ቤት እሠራለሁ። የ11 ዓመት ሴት ልጄና የ7 ዓመት ወንድሟ ደሴ እናቴ ጋ ናቸው። አምና ነሐሴ ላይ ልጄ ጉሮሮዋን አሟት ትኩሳት ነበራት። እናቴ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዛችላት፤ በሁለት ቀን ሲሻላት ተወችው። መስከረም ውስጥ ጉልበቷ አበጠ፣ ሲለቃት ቁርጭምጭሚቷን ያዛት፣ ከዚያ ክርኗን። ‹አጥንቷ እያደገ ነው› ተባለ፤ እሱም አለፈ። ኅዳር ላይ ደግሞ እጇ አላርፍ አለ። ብርጭቆ ትጥላለች፣ ጽሕፈቷ ተበላሸ፣ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ በትንሹ ታለቅሳለች። መምህሯ ሆን ብላ ነው ብሎ ቀጣት። ጎረቤት ቡዳ ነው አለ፤ እናቴ ፀበል ወሰደቻት፤ ቀስ እያለ ተዋት።

ጥር ላይ የእህቴ ባል ግድ ብሎ ሆስፒታል ወሰዳት። የደም ምርመራው ምንም አላሳየም፤ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሣ ግን የልቧ ቫልቭ፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው በር፣ በትንሹ ያፈሳል አሉ። በየአራት ሳምንቱ መርፌ፣ ለዓመታት! እናቴ ቀኑ እንዳይጠፋባት በየሚካኤሉ ስታስወጋት ቆየች። አሁን ግን ልጄ ትሮጣለች፣ ትጫወታለች፣ ምንም የላትም፤ መርፌው ደግሞ ያስለቅሳታል። በሰፈር አንድ ልጅ በዚሁ መርፌ ሞተ ስለተባለ እናቴ ፈርታ ሁለት ወር ዘለለች። ‹እንጥሏን እናስቆርጣትና ይለፍላት› ትላለች። የጉሮሮ ሕመም ከወራት በኋላ እንዴት ልብ ይሆናል? ሐኪሙ ገንዘብ ፈልጎ ይሆን? እውነቱን ለመናገር በእናቴም ተናድጃለሁ። ልጄን ወደዚህ ላመጣትም አስባለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድም፤ ምክንያቱ ይከተላል። ሐኪሙ አላጭበረበሯችሁም። ልጅሽ ዛሬ ነገ ሳትባል ወደ መርፌዋ ትመለስ። ያለፏትን ለማካካስ ደርቦ መውጋት የለም፤ አንዱን አሁን ትውሰድና ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠርላት። በዚያው ቀን ጤና ባለሙያው ልቧን ያዳምጥላት፤ በሁለቱ ወራት ውስጥ ጉሮሮ ወይም ትኩሳት ነበራት ወይ ብሎም ይጠይቅ። እኔ በሩቅ ሆኜ ልጅሽን አልመረመርኩም፤ ይሁን እንጂ የጻፍሽው ታሪክ ከሆስፒታሉ ውጤት ጋር ልክ ይገጥማል።

ነሐሴ ላይ ጉሮሮ፣ መስከረም ላይ ጉልበት፣ ኅዳር ላይ እጅ፣ ጥር ላይ ልብ። በደብዳቤሽ አራት የተለያዩ ነገሮች ይመስላሉ፤ አንድ በሽታ ነው። ሐኪሞች ሩማቲክ ፊቨር ይሉታል፤ ልብ ላይ የሚተወው ጉዳት ደግሞ ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። አገራችን ውስጥ በልጅነትና በወጣትነት ዕድሜ ልብ ከሚጎዱ በሽታዎች ዋነኛው ነው።

«እንዴት ከወራት በኋላ?» ላልሽው፤ ነገሩ የሚጀምረው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮ ላይ ሲሰፍር ነው። ሰውነት ይዋጋዋል፣ ያሸንፈዋልም። ግን በባክቴሪያው ላይ ያሉ አንዳንድ ነገሮች በልባችን፣ በመገጣጠሚያችንና በአንጎላችን ውስጥ ካሉት ጋር ይመሳሰላሉ። ሌባ ያባረረ ዘበኛ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሌባውን ዓይነት ጃኬት የለበሰውን የቤቱን ልጅ በጨለማ ቢደበድብ እንደ ማለት ነው። ሰውነት እዚህ ስህተት ላይ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት። ያኔ ባክቴሪያው ከጉሮሮ ጠፍቷል፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ተመልሳለች፣ የጉሮሮውን ነገር ሁሉም ረስቶታል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ከተገኘባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ጉሮሯቸውን ያመማቸው መሆኑን ጭራሽ አያስታውሱም። ጉሮሮውን በስትሬፕቶኮከስ የታመመ ልጅ ሁሉ እዚህ አይደርስም፤ ጥቂቶቹ ናቸው። ልጅሽ ከጥቂቶቹ መሆኗ ታይቷል፣ ስለዚህም ነው ሐኪሙ የሌላውን ልጅ ያህል ዘና ያላሉት።

የጉልበቷ ነገርም ግልጽ ነው። የዚህ በሽታ የመገጣጠሚያ ሕመም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ ጉልበት ሲለቅ ቁርጭምጭሚት፣ ቁርጭምጭሚት ሲለቅ ክርን። በአስፕሪን ዓይነት መድኃኒት ቶሎ ይበርዳል። ሳይታከምም በሳምንታት ውስጥ ይሄዳል፣ መገጣጠሚያው ላይ አንዳች ነገር ሳይተው። ሐኪሞች ከድሮ ጀምረው «መገጣጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ይነክሳል» የሚሉት ለዚህ ነው። «አጥንቷ እያደገ ነው» የሚለውን አባባል እኔ በበኩሌ ከቤታችን ባወጣው ደስ ይለኛል። ዕድገት መገጣጠሚያ አያሳብጥም፤ ትኩሳትም አያመጣም።

የእጇ አለማረፍ ከሁሉ ይዘገያል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲድንሃም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ገለጸው በእሱ ስም ሲድንሃም ኮሪያ ይባላል። ጉሮሮ ካመመ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ልጅቷ እጇን ዘርግታ እንድታቆየው ብትጠየቅ ጣቶቿ ይወራጫሉ፤ ምላሷን አውጥታ ማቆየት ያቅታታል፤ የሐኪሙን ጣት ጨብጣ ስትይዝ ጭብጧ እንደ አላቢ እጅ ይጠብቃል፣ ይላላል። ሲተኙ ይጠፋል፣ ሲጨናነቁ ይብሳል። ስለዚህ መምህሯ በቆጣት ቁጥር እጇ የባሰ ይበጠብጥ ነበር ማለት ነው። ማልቀሷና ቶሎ መከፋቷም የዚያው አካል እንጂ የጠባይ ጉድለት አልነበረም። ይህን ለመምህሯ የሚነግርላት ሰው ብታገኚ መልካም ነው፤ ቅጣቱ በልጅቷ ልብ ውስጥ እንዳይቀር።

የደም ምርመራው «ምንም የለም» ማለቱም በዚሁ መዘግየት ምክንያት ነው። ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት ለስትሬፕቶኮከስ ያዘጋጀውን መከላከያ ነው፤ እሱ ደግሞ በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ጥር ላይ የነሐሴን እንግዳ ብትፈልጊ አሻራው ደብዝዞ ይቆይሻል። ሐኪሞች ይህን ስለሚያውቁ፣ በ1944 እ.ኤ.አ. ወጥተው ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ የተሻሻሉት፣ ሩማቲክ ፊቨርን ለመለየት የሚጠቀሙባቸው የጆንስ መመዘኛዎች ለዚህ የእጅ ሕመም የተለየ ቦታ ይሰጡታል፤ ሌላ መንስኤ ከሌለው የደሙ ማስረጃ ባይገኝም ብቻውን በሽታውን ለማለት ይበቃል።

ስለ ፀበሉ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። እናትሽ በመውሰዳቸው ልጅቷን አልጎዷትም። ይህ ሕመም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ራሱ የሚለቅ በመሆኑ፣ በዚያ ጊዜ የተደረገ ነገር ሁሉ ያዳነ ይመስላል። ፀበሉንም ይውሰዷት፣ መርፌውንም ያስወጓት። የሚከፋው አንዱ በሌላው ሲተካ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄሽ ጋ ደረስን፤ ደህና ከሆነች መርፌው ለምን? መርፌው አሁን ላለ ሕመም አይደለም። የተሰጣት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ ከጡንቻ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባና አዲስ ስትሬፕቶኮከስ ጉሮሮዋ ላይ እንዳይሰፍር ለሳምንታት ይጠብቃታል። አንድ ጊዜ ሩማቲክ ፊቨር የያዘው ልጅ እንደገና የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ልጅ በጣም ከፍ ያለ ነው። እያንዳንዱ ዙር ደግሞ ቫልቩ ላይ ጠባሳ ይጨምራል። ዛሬ በትንሹ የሚያፈስ ቫልቭ፣ ዙሩ ከተደጋገመ፣ በዓመታት ውስጥ ይወፍራል፣ ይጠባል፣ ልብ ይሰፋል። ይህም ቢሆን ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሄደው። ብዙ ሴቶች የቫልቭ መጥበብ እንዳለባቸው የሚያውቁት ሲያረግዙ ነው። በእርግዝና የደም መጠን ግማሽ ያህል ስለሚጨምር የጠበበው ቫልቭ አልችል ይላል፤ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። ያኔ ሰው «እርግዝናው ነው ያመጣባት» ይላል። የመጣው ከዓመታት በፊት፣ በልጅነት ጉሮሮ ነው።

ልጅሽ ግን በጊዜ ነው የተገኘችው። በዑጋንዳ፣ በቫልቫቸው ላይ ምልክቱ በኤኮ ብቻ የታየ፣ ራሳቸው ምንም የማይሰማቸው 818 ልጆች በሁለት ተከፍለው ለሁለት ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው ነበር፤ ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። መርፌውን በየአራት ሳምንቱ ከወሰዱት የባሰባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ካልወሰዱት ግን ከመቶ ስምንት ያህሉ ብሶባቸዋል። እነዚያም ልጆች ሲታዩ ይሮጡና ይጫወቱ ነበር።

ሚካኤልን መርጠው ቀኑን የያዙት እናትሽ ብልህ ናቸው፤ አንድ ነገር ብቻ ይስተካከል። ከሚካኤል እስከ ሚካኤል 30 ቀን ነው፤ መርፌው ግን የሚቆጠረው በ28 ቀን ነው። ሁለት ቀን ምን አላት ትይ ይሆናል። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ያለውን ቁጠሪ፤ ጳጉሜን መሃል ገብታ 35 ቀን ይሆናል። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ የመድኃኒቱ መጠን በደሟ ውስጥ አንሷል፤ አምስተኛው ሳምንት ባዶ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። እሱም የሚውለው ክረምቱ ሲወጣና ትምህርት ሊከፈት ሲል ነው። ስለዚህ በበዓል ቀን ፋንታ በሳምንቱ ቀን ያዙት። መጀመሪያ ማክሰኞ ከተወጋች ሁልጊዜ አራተኛው ማክሰኞ ነው፤ ጳጉሜን መጣ አልመጣ አይዛባም። ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ መውጋት አይጎዳትም፤ መዘግየት ነው የሚጎዳት። አንቺም ስልክሽ ላይ በየ28 ቀኑ የሚጮህ ማስታወሻ አድርጊና ዋዜማውን ለእናትሽ ደውዪ። ከሪያድ ሆነሽ ለልጅሽ ልታደርጊው ከምትችይው ሁሉ፣ ከምትልኪውም ብር ቢሆን፣ ይህ አይተናነስም። መርፌው ራሱ ርካሽ ነው።

ስለ ሞተው ልጅ። ምን እንደ ገጠመው ስለማላውቅ በእሱ ላይ አልፈርድም፤ ፍርሃቱ ግን ከንቱ ነው ብዬ አላልፈውም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አለ። ከባድ አለርጂ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ከመርፌው በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው። ልጅሽ ቀደም ሲል ወስዳው ምንም አለመሆኗ ጥሩ ምልክት ነው። ቢሆንም መርፌውን አድሬናሊን (ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው መድኃኒት) ባለበት ጤና ተቋም ትውሰድ፤ ከተወጋችም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ትቆይ። በሰፈር የሚዞር ሰው ቤት መጥቶ አይውጋት። ሌላው አደጋ የሚታየው ቫልቫቸው ክፉኛ የተጎዳና ልባቸው የደከመ ሰዎች ላይ ነው። እነሱ በመርፌው ሕመምና ድንጋጤ ደም ግፊታቸው ሊወድቅ ስለሚችል ሐኪሙ በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን ሊያደርግላቸው ይችላል። የልጅሽ ኤኮ «በትንሹ ያፈሳል» ስለሚል ከእነሱ ወገን አይደለችም።

ሕመሙ ግን እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ወፍራም ስለሆነ ሲገባ ያቃጥላል። ለነርሷ እነዚህን መንገር ይቻላል፤ ፈሳሹ ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ በእጅ መሃል ተይዞ ይሙቅ፣ አልኮሉ ቆዳዋ ላይ ይድረቅ፣ መርፌው በዝግታ ይግፋ። አንዳንድ ቦታ ማደንዘዣ ቀላቅለው ይሰጣሉ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። በአንድ ወር በቀኝ፣ በሚቀጥለው በግራ ይቀያየርላት። ምሳዋን በልታ፣ ውሃ ጠጥታ፣ ተኝታ ትወጋ። እናትሽ ደግሞ «ዛሬ አይወጉሽም» ብለው አያታሏት፤ ልጅ አንዴ ከተታለለ በሚቀጥለው ከጤና ጣቢያው በር ላይ ይሸሻል።

እንጥል ማስቆረጡ ይቅር። እንጥሏ ምንም አላጠፋም፤ መቆረጡም ቫልቩን አይጠግንም፣ ስትሬፕቶኮከስንም አያግድም። ብዙ ደም ሊፈስ፣ በምላጩ ኢንፌክሽን ሊገባ ይችላል። ቶንሲልን ሆስፒታል ውስጥ በኦፕሬሽን ማስወጣት እንኳ ይህን መርፌ አይተካም።

እስከ መቼ ለሚለው፣ እንደ ቫልቯ ሁኔታ ይለያያል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር መመሪያ ቫልቩ ላይ ጉዳት ለቀረባቸው ቢያንስ 10 ዓመት ወይም 40 ዓመት እስኪሞላ፣ ከሁለቱ የረዘመውን ይላል። ጉዳቱ ከጠፋ 10 ዓመት ወይም እስከ 21 ዓመት፣ አሁንም የረዘመውን። ይህ ሲሰሙት ያስደነግጣል። ነገር ግን ኤኮው እየተደጋገመ ስለሚታይ ቁጥሩ የዛሬ እስራት አይደለም፤ ቀላል የነበረ የቫልቭ ማፍሰስ መርፌውን ሳያቋርጡ በወሰዱ ልጆች ላይ በዓመታት ውስጥ ሲሻል ይታያል። ቀጣዩ ኤኮ መቼ እንደሆነ ካርዷ ላይ ይጻፍ። መጠኑም ይታይ፤ ለትንንሽ ልጆች 600 ሺህ ዩኒት፣ ከፍ ላሉት 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ነው የሚሰጠው። ልጅሽ በዚህ ዕድሜ በክብደት ድንበሩ አካባቢ ልትሆን ስለምትችል በየጊዜው ትመዘን።

እስከዚያው እንደ ልጅ ትጫወት፤ ሐኪሙ ካልከለከሉ ስፖርት አይከለከልም። እናትሽ እነዚህን ካዩ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዷት፦ ትንፋሽ ማጠር፣ ቀና ብላ ካልሆነ መተኛት አለመቻል፣ የእግር እብጠት፣ የልብ ምት መዘበራረቅ፣ ራስ መሳት፣ ወይም እንደገና ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም። ታናሽ ወንድሟም አይረሳ። ትኩሳት ያለው፣ ሳል የሌለው፣ ለመዋጥ የሚያስቸግር የጉሮሮ ሕመም ከያዘው ጤና ጣቢያ ይታይ፤ አንቲባዮቲክ በአፍ ከታዘዘለት 10 ቀኑን ይጨርስ፣ በሁለተኛው ቀን ቢሻለውም። ይህ መዘግየት እዚህ ላይ እንኳ ይጠቅመናል። ፔኒሲሊን ጉሮሮው ባመመ እስከ ዘጠነኛው ቀን ቢጀመር ሩማቲክ ፊቨርን ሊከላከል ይችላል።

በእናትሽ ላይ ያለሽን ንዴት በተመለከተ፣ የሆነውን በቀን ቀኑ እዪው። ትኩሳቱ ሲመጣ መድኃኒት ገዙ። እጇ አላርፍ ሲል ያመኑበት ቦታ ወሰዷት። ቀኑ እንዳይረሳቸው በሚካኤል አሰሩት። ነሐሴ ላይ የሆነው ከኅዳሩ ጋር እንደሚገናኝ በሕክምና ያልተማረ ሰው ከየት ያውቃል? አንቺ ራስሽ ደሴ ብትኖሪ ምናልባት ከእሳቸው የተለየ ነገር አታደርጊም ነበር። ደውዪላቸውና «እማዬ፣ ሁለት ወር የቀረው በፍርሃት ነው፣ ገብቶኛል» በያቸው። ከዚያ ፍርሃታቸውን ከነርሷ ጋር ያውሩት፤ እህትሽ ወይም ባለቤቷ አንድ ቀን አብሯቸው ጤና ጣቢያ ቢሄድ ደግሞ ከስልኩ ይበልጣል።

ወደ ሪያድ ልታመጫት ካሰብሽ፣ ከመነሣቷ በፊት ባለው ሳምንት መርፌዋን ትውሰድ፤ ቪዛና አዲስ ቤት ስትሉ አራተኛው ሳምንት እንዳያልፍባችሁ። የኤኮውን ውጤትና የመርፌ ካርዷን ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ፤ ዋናውንም ይዛ ትምጣ። እዚያ ክሊኒክ ስትገቢ «ልጄ ሩማቲክ ፊቨር ይዟት ነበር፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየአራት ሳምንቱ ትወስዳለች» በያቸው፤ የመድኃኒቱን ስምና የመጨረሻውን ቀን ካሳየሻቸው ከዚያ ይቀጥሉላታል። ካርዱ ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ስለሚሆን ከጎኑ የፈረንጁን አጽፊበት።